ዋጋ ያልተነገረለት ፊት

መነጽሬን የሰበርኩት እኔው ራሴ ተቀምጬበት ነው። ሰው ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን ማየት እንዳለበት ለተማሪዎቼ ስንቴ ነግሬያለሁ! እኔ ግን ለማየት መነጽሩ ያስፈልገኝ ነበር፤ መነጽሩ ደግሞ ወንበሩ ላይ ነበር። እንዲህ ሆኖ ነው በአንድ ደመናማ ከሰዓት በኋላ ግድግዳ እየዳሰስኩ ወደ አሮጌው ሕንፃ ምድር ቤት የወረድኩት።

ሕንፃው ከላይ ቢሮ፣ ከታች ሱቅ ነው። ምድር ቤቱ ደግሞ አንድ ረጅም ኮሪደር ሆኖ ግራና ቀኙን ትንንሽ የሥራ ክፍሎች ይዘውታል፤ ሰዓት ጠጋኝ፣ ማኅተም ቀራጭ፣ መነጽር ሠሪ። የመነጽር ሠሪው በር ላይ ካርቶን ተንጠልጥሏል። አፍንጫዬ እስኪነካው ተጠግቼ ሳነበው "ምሳ ነኝ" ይላል። የአገሩ ሁሉ ምሳ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፤ የዚህ ሰውዬ ግን ገና ነበር። ቀጥሎ ያለው ክፍል በሩ ገርበብ ብሏልና እስኪመለስ ድረስ ወንበር ልለምን ብዬ ገባሁ።

መስኮቱ አጠገብ ጥቁር ሰማያዊ ኮት የለበሰ ሰው ቆሟል።

"እንደምን ዋሉ ጌታዬ?" አልኩ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ።

ዝም።

"መነጽር ሠሪው እስኪመጣ አረፍ ብል ይፈቅዱልኛል?"

አሁንም ዝም። ምን ዓይነት ኩራተኛ ነው ብዬ ጠጋ አልኩ። ሰውዬው በሙሉ ዓይኑ ያየኛል። ፊቱ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ፊት ነው፤ ጢሙ ሙሉ ነው፤ ግንባሩ ላይ ሁለት መስመር አለ። ዓይኑ ግን የሕፃን ነው። አንድ ነገር ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሕፃን ዓይን። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰውነቴን ቀዝቀዝ አለኝ።

"እሱ አይመልስልዎትም፤ ሥዕል ነው" አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

ዞር ስል ልቤ ስንጥቅ አለች። ከኋላዬ የቆመው ያው ሰውዬ ነው! ያው ግንባር፣ ያው ጢም፣ ያው ጥቁር ሰማያዊ ኮት። ልዩነቱ ይኸኛው መሸበቱና መናገሩ ብቻ ነበር።

"ይቀመጡ" አለኝ ወንበር እየሳበ። "ሁሉም ሲያዩት ይደነግጣሉ።"

ተቀመጥኩ። ክፍሉ የቀለምና የዘይት ሽታ አለው። ሸራው ከእንጨት ማቆሚያው ላይ ነው፤ ጎኑ የሰው ቁመት የሚያህል መስታወት ተደግፏል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በፍሬም የተሞላ ቢሆንም አንድም ሥዕል አይታይም፤ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

"እነዚህን ለምን አዞሯቸው?" ብዬ ጠየቅኩ።

"ስለሚያዩኝ" አለ፣ ነፋስ ስለገባብኝ መስኮቱን ዘጋሁት እንደሚል ሰው ረጋ ብሎ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ መጠየቅ አልተውኩም። ሠዓሊው ሥራውን አስረዳኝ። ፎቶ ሳይኖራቸው የሞቱ ሰዎችን ፊት ይሥላል። ቤተሰብ መጥቶ ይነግረዋል፤ አገጩ የእህቱን፣ ግንባሩ የአጎቱን ይመስላል ይሉታል፤ እሱም እህቲቱንና አጎትየውን አስቀምጦ እያየ ሟቹን ያወጣዋል። በሕይወት ያላየውን ሰው እንዲህ እያደረገ ሲሥል ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

"ዋጋውስ እንዴት ነው?" አልኩት።

ፈገግ አለ። "አንጣላም" አለኝ።

ይህ ቃል ደስ አሰኘኝ። በየሱቁ ሁሉ ነገር ዋጋ በተለጠፈበት ዘመን ዋጋውን ሲጠይቁት አንጣላም ብሎ የሚያልፍ የጥበብ ሰው አገኘሁ ብዬ ልቤ ሞቀ። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት ሠዓሊው እጁን አነሳና ዝም እንድል ምልክት ሰጠኝ።

ኮሪደሩ ላይ የእግር ኮቴ ይሰማል። ቀስ እያለ መጣ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ትንፋሽ ሰማሁ። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው፤ የሚገባ ሰው ግን የለም። ከዚያ ኮቴው እንደ አመጣጡ ቀስ ብሎ ተመለሰ።

"ማነው?" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"እነሱ ናቸው" አለ፣ በእጁ ወደ ግድግዳው እያመለከተ። "ፊታቸውን ሊያዩ ይመጣሉ። አይገቡም። እኔም ወጥቼ አላይም።"

እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ወሬ አላምንም። ወንበሬን ግን ከበሩ ራቅ አደረግኩት።

ትንሽ ቆይቶ ሌላ ኮቴ መጣ፤ ይኸኛው ፈጣን ነው። ኮምፒውተሯን በትከሻዋ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት እያለከለከች ገባች። ለእኔ እጅ ነሣችና ዓይኗ በሩ ሥር ወዳለ ትንሽ ሻንጣ ሄደ።

"ጋሼ፣ እውነት ነው ማለት ነው? ሊሄዱ ነው?"

"ለእንግዳው ወንበር ስጪ መጀመሪያ" አላት።

"ተቀምጠዋል እኮ ጋሼ። ሻንጣው የምንድን ነው?"

ሠዓሊው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ወጣቲቱ የእህቱ ልጅ ናት፤ ብሩሽ አያያዝ ያስተማራት እሱ ነው፤ ኋላም ትምህርት ቤት ገብታ ተምራ ዛሬ ለመጽሐፍ ሽፋንና ለሱቅ ማስታወቂያ እየሣለች በራሷ ታድራለች። ይህን ያወቅኩት እሷው እየነገረችኝ ነው። መምህር መሆኔን ነግሬያት ምን ሆኗል ብዬ ብጠይቅ ደግሞ ወደ ሸራው እያመለከተች ነገሩን ሁሉ አወጣችው።

"ይህን ልጅ ያዩታል መምህር? ሲሞት ስምንት ዓመቱ ነበር። ውሃ ነው የወሰደው። እናቱ መጥታ አሠራች። ዋጋ ስትጠይቅ ጋሼ ምን አሏት? አንጣላም። በዓመቱ ተመልሳ መጣች፤ 'ልጄ እኮ ዘንድሮ ዘጠኝ ሞላው፣ ቁመት ጨምርበት' አለች። ጨመሩበት። በሌላው ዓመት ጥርሱ በቅሏል አለች። ጢም አበቀለ አለች። እንዲህ እያለ እዚህ ደርሷል። ሥራው አያልቅም፤ ምክንያቱም መጀመሪያውኑ የት እንደሚያልቅ የተነጋገረ የለም።"

"ታዲያ ምን ነበረበት ብትረዳት?" አለ ሠዓሊው። "እናት ናት።"

"የጎልማሳውን ፊት ከየት አመጡት ጋሼ? ይንገሯቸው።"

ሠዓሊው መስታወቱን አየ። እኔም ገባኝ። ሞዴል የሚሆን ወንድም የለ፤ አባት የለ፤ በየዓመቱ ከራሱ ፊት እየወሰደ፣ ሽበቱን እየተወ፣ ለሞተው ልጅ ሰጥቶታል።

"ሴትየዋም ፊቱን አወቀችው" አለች ልጅቱ። "ሥዕሉን ማየት ትታ እሳቸውን ማየት ጀመረች። በሥዕሉ ልክ ኮት አሰፋች፤ የለበሱት ያንን ነው። በሟቹ ስም ስትጠራቸው አቤት ይላሉ። ዛሬ ደግሞ ቤት ልትወስዳቸው ነው፤ ክፍል አሰናድታለች። ክፍያ ግን እስከ ዛሬ የለም፤ ልጅ ለእናቱ ሠርቶ ይከፈለዋል እንዴ?"

ፀጉሬ ቆመ ብል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም በአስተማሪነት ልማዴ ጉዳዩን ከሁለቱም ወገን ማየት አለብኝ ብዬ ጣልቃ ገባሁ።

"ልጄ" አልኳት፣ "የሴትየዋ ነገር ያሳዝናል። ነገር ግን ጥበብ እንደ ድንች በኪሎ ይመዘናል እንዴ? አጎትሽ ዋጋ አለመናገራቸው ትልቅነት ይመስለኛል።"

"መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ደመወዝዎን ወር ሲሞላ የልባችሁን ስጡኝ ብለው ነበር የሚቀበሉት?"

ደመወዜ የዘገየበት አንድ ወር ትዝ አለኝ። ያን ቀን ለገንዘብ ያዡ የተናገርኩት እዚህ አይጻፍም። 

ሠዓሊው ግን ዞር አለ። "እሺ፣ አንቺ እንዴት ነው የምታደርጊው? ይስሙ እስኪ፣ የዘመኑን ነጋዴ።"

"ደንበኛዬ መጥቶ ገና ሳይቀመጥ ምን እንደሚፈልግ፣ መቼ እንደሚፈልገው፣ ስንት ጊዜ እንደማርምለት እንነጋገራለን። ከዚያ ዋጋውን እነግረዋለሁ። ከተስማማ ግማሹን ቀብድ ይከፍላል።"

"ስንት ጊዜ እንደምታርሚለት ደግሞ?"

"ሁለቴ። ከዚያ በላይ ካለ እንደ አዲስ ሥራ ይታሰባል።"

"ጉድ እኮ ነው! እርማት ቆጥራ ትሸጣለች!"

"እርማት ካልተቆጠረ ምን እንደሚመጣ መስኮቱ አጠገብ ቆሞልዎታል ጋሼ።"

ሁላችንም ወደ ሥዕሉ አየን። እሱም አየን።

"ልጄ" አለ ሠዓሊው ድምፁን አለስልሶ፣ "ሰው አባቱን ቀብሮ እንባው ሳይደርቅ ሲመጣ ይሄን ያህል ክፈል ልበለው? አፌ አይታዘዘኝም። ምን ይለኛል?"

"የሬሳ ሣጥን ሠሪውስ? ሰው ያለቅሳል፤ ሣጥን ሠሪው ዋጋውን ይናገራል፤ ማን ተቀይሞት ያውቃል?"

"ሣጥን እንጨት ነው። የኔ ግን ፊት ነው።"

"ሸራም ጨርቅ ነው፤ የሚገዙትም በገንዘብ ነው። ቀለሙ፣ የቤቱ ኪራይ፣ እጅዎ ይህን እስኪችል የፈጀው ዘመን፣ ሥራ ሳይገኝ የሚውሉበት ቀን፣ ይህ ሁሉ እዚያ ሥዕል ውስጥ አለ። እኔ ዋጋ ሳወጣ ይህን አስቤ ነው እንጂ ከደንበኛው ኪስ አይቼ አይደለም። ለሟቹ ዋጋ አወጡ የሚልዎት የለም፤ ለእጅዎ ነው።"

"ድሃውስ? የሌለው ሲመጣ ላባርረው ነው?"

"ለድሃ መቀነስ ከፈለጉ መጀመሪያ ዋጋውን ተናግረው ይቀንሱለት። ያኔ ምን እንደተደረገለት ያውቃል፤ ቀና ብሎም ያመሰግናል። ዋጋው ሳይነገር የሚሰጥ ስጦታ ተቀባዩ ላይ ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል፤ ልኩ የማይታወቅ ዕዳ።"

ይህን እኔ ብናገረው ኖሮ ደስ ባለኝ።

"ሌላም አለ" አለች፤ አሁን ንዴት ገባት። "ከእኔ ጋር የተማሩ ልጆች ዋጋ ሲናገሩ ደንበኛው ምን ይላቸዋል? 'ምድር ቤት ያሉት ትልቅ ሰው እንኳ አንጣላም ነው የሚሉት፤ እናንተ ማን ሆናችሁ ነው?' ሁለቱ ብሩሻቸውን ጥለው ሌላ ሥራ ገብተዋል። የእርስዎ ቸርነት የነሱን እንጀራ ነው የቆረጠው ጋሼ።"

ሠዓሊው በድንገት እጁን አነሳ።

ኮቴው ተመልሶ መጥቷል።

ቀስ እያለ፣ እያመነታ መጣ፤ በሩ ጋ ቆመ። ትንፋሹ ተሰማ። ሠዓሊው ፊቱ አመድ መሰለ። "ተይ" አለ፣ ልጅቱ ስትነሳ አይቶ፤ "ተይ አልኩሽ፣ አትክፈቺ!"

በሩን በአንድ ጊዜ ቧ አድርጋ ከፈተችው።

የሕንፃው ጥበቃ ነበር። ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሲሰርቅ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ረጅም ሰው ነው፤ ዓይኔን አጥብቤ ሳየው አንዱ ቅንድቡ መሐሉ ላይ የተከፈለ ይመስላል።

"ይግቡ" አለችው። "ለእኔ የነገሩኝን ለእሳቸውም ይንገሯቸው።"

"እኔ..." አለ ጥበቃው። "ጋሼ፣ የአባቴን ሥዕል አዝዤ ነበር። ከረሱት ደግሞ አልፈርድብዎትም። እንደጨረሱ ሰምቻለሁ።"

"ጨርሼዋለሁ" አለ ሠዓሊው። "ስንት ጊዜዬ ነው ከጨረስኩት! ለምን አልመጣህም?"

"መጥቻለሁ እኮ። ሁሌ እመጣለሁ። ስንት ይዤ እንደምገባ አላውቅም። ትንሽ ባቀርብ አባቴን ማዋረድ ነው፤ እርስዎንም መስደብ ነው። ብዙ ደግሞ የለኝም። በሩ ድረስ እመጣለሁ፤ ከዚያ ይሉኝታ ይይዘኝና እመለሳለሁ። አንዳንዴ በሩ ክፍት ሲሆን ፍሬሞቹን አያለሁ፤ ከጀርባቸው የቱ አባቴ እንደሆነ ለመለየት እሞክራለሁ።"

ሠዓሊው ከግድግዳው አንድ ፍሬም አወረደና አዞረው። ቅንድቡ የተከፈለ ሽማግሌ ነበር። ጥበቃው ሲያየው ቆቡ ከእጁ ወደቀ።

"የዘነጉ መስሎኝ ነበር" አለ ሠዓሊው። "እነዚህን ሁሉ... ሰዎቹ ሙታናቸውን አሠርተው የረሷቸው መስሎኝ ነበር። ለዚያ ነው የሚያዩኝ ብዬ ያዞርኳቸው።"

"ሁሉም እንደኔ ይሆናሉ ጋሼ" አለ ጥበቃው። "የማኅተም ቀራጩ ሚስትም እናቷን አሠርታ ፈርታ ነው የቀረችው። ዋጋውን ቢያውቅ ኖሮ ሰው ይቆጥብ ነበር፤ በየወሩም ያስቀምጥ ነበር። ያልታወቀ ነገር እንዴት ይቆጠባል?"

ሠዓሊው ቁጭ አለ። ለጥበቃው አንድ ዋጋ ተናገረ። ድምፁ ተሰባበረ፤ ግን ተናገረው። ጥበቃው አሰበና "በሁለት ወር ከፍዬ ብጨርስስ?" አለ። "ይሆናል" አለው። ነገሩ በዚሁ አለቀ። ጥበቃው ቆቡን አንስቶ ሲወጣ ከኮሪደሩ የተሰማው ኮቴ ሌላ ሰው የሚራመድ ያህል ቀሎ ነበር።

እኔም ወንበሬን ወደ ቦታው መለስኩ።

"አንድ ነገር ልንገራችሁ" አለ ሠዓሊው፣ መሬት መሬት እያየ። "ሰሞኑን ጆሮዬ ውስጥ ውሃ ይሰማኛል። ስተኛ ከላዬ ብርሃን ይታየኛል፣ አረንጓዴ ብርሃን፤ እጄን ዘርግቼ አልደርስበትም። እኔ ወንዝ ገብቼ አላውቅም፤ ዋና አልችልም። ሴትየዋ በየዓመቱ እዚህ ተቀምጣ ስትነግረኝ፣ ስትነግረኝ፣ የልጁ ሞት የኔ ትዝታ ሆነ። ባለፈው አንድ ሰው በስሜ ጠራኝ፤ ሳልዞር አለፍኩ።"

ልጅቱ ዓይኗ እንባ ሞላ። "ጋሼ፣ ዛሬ ከሄዱ አይመለሱም። እኔ ልነግራት እችል ነበር፤ ግን ከእርስዎ አፍ ካልወጣ ዋጋ የለውም። የሚያስፈራዎት ዋጋው ነው ወይስ ልጅዋ አለመሆንዎን መናገሩ?"

"ሁለቱም አንድ ነው" አለ።

ኮሪደሩ ላይ ሌላ ኮቴ ተሰማ። ይኸኛው አያመነታም፣ አይቆምም፤ ቤቱ እንደሚገባ ሰው ቀጥ ብሎ መጣ።

የገባችው ደቃቃ፣ ንጹሕ አሮጊት ናት። ነጠላ ጫማ በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛለች። ሥዕሉን ዞር ብላ እንኳ አላየችም፤ በቀጥታ ወደ ሠዓሊው ሄደች።

"ተዘጋጀህ ልጄ? አልጋህን አንጥፌዋለሁ። መስኮቱንም ከፍቼ ሳናፍስ ነው የዋልኩት። የቤት ጫማ ይኸው፤ እግርህ እንዳይበርደው።" ከዚያ እኛን አየችና ፈገግ አለች። "ጓደኞችህ ናቸው?"

እኔ ሰባ ዓመት አልፎኛል። ይህች ሴት የአርባ ዓመት ልጇ ጓደኛ አድርጋ ስታየኝ፣ ያለ መነጽር ጭጋግ ውስጥ ተቀምጬ ለአንድ አፍታ እውነት መሰለኝ። እናትና ልጅ ነበሩ በፊቴ የቆሙት። ሊሰናበቱን ነበር።

"ገላህን የምትታጠብበት ውሃም አሙቄያለሁ" አለች።

ሠዓሊው ጆሮውን በመዳፉ ያዘ። ልጅቱ ልትነሳ ስትል እጇን ያዝኩት። ሰውዬው ትንሽ ቆየና እጁን አወረደ፤ የኮቱን ቁልፍ አንድ በአንድ ፈታ፤ አወለቀው፤ አጣጥፎም ወንበር ላይ አስቀመጠው። በሸሚዝ ሲቀር ሽማግሌ ሆነ።

"እትዬ" አላት።

ሴትየዋ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። "እትዬ አልከኝ?"

"እትዬ፣ ይቀመጡ። ሥዕሉን እስከ ዛሬ ያልጨረስኩት መጀመሪያ ስላልተነጋገርን ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አንጣላም ብዬ አለፍኩት። ዛሬ እንነጋገር። የዚህን ክፍል የሦስት ወር ኪራይ ያህል ያስከፍላል። ላለፉት ዓመታት ምንም አልጠይቅም፤ ይህ ለሚጨረሰው ሥራ ነው። ግማሹን አሁን ይሰጡኛል፤ ግማሹን ሲወስዱት። አንዴ ከጨረስኩት በኋላ ግን አልነካውም።"

"ለልጅ ይከፈላል እንዴ?" አለች በጣም ቀስ ብላ።

"ለልጅ አይከፈልም። ለሥዕል ነው።"

 ከጣሪያው በላይ በቧንቧ ውስጥ ውሃ ሲሄድ ይሰማል። እኔ በዚያች ሰዓት ዋጋ መናገር ጭካኔ ነው ብዬ ልፈርድ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ሠዓሊው ግን የሚቀጥለውን ጥያቄ ጠየቀ። ማንኛውም ባለሙያ ለደንበኛው የሚያቀርበው ተራ ጥያቄ ነው።

"ስንት ዓመቱ ላይ ልጨርስልዎት?"

ሴትየዋ ያኔ ወደ ሥዕሉ ዞረች። ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ እንጃ። ተጠጋች። ጢሙን አየች፣ ግንባሩን አየች፣ ትከሻውን አየች።

"ይሄ ማነው?" አለች። "ይሄን ሰውዬ አላውቀውም።"

 እጇን ዘርግታ የሥዕሉን አፍንጫና አገጭ በመዳፏ ሸፈነች፤ ዓይኑ ብቻ ቀረ።

"ዓይኑን ነክቼው አላውቅም" አለ ሠዓሊው። "በየዓመቱ ሌላውን ሳሳድግ እዚያ ስደርስ እጄ እምቢ ይለኝ ነበር።"

"ስምንት" አለች ሴትየዋ። "ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው።" እጇን ከሥዕሉ አወረደች። "ነበር" አለች ቀጥላ፤ ከዚያ እዚያው ሸራው ሥር ቁጭ ብላ፣ ሠላሳ ዓመት የቆየ ልቅሶ አለቀሰች። ልጅቱም አብራት መሬት ላይ ተቀመጠች። የኔም ዓይን ደርቆ አልቀረም። ሴትየዋ ስትነሳ ቦርሳዋን ከፈተች፤ የነበራትን አውጥታ ቀብዱን ከፈለች፤ ነጠላ ጫማውን መልሳ በጋዜጣ ጠቀለለች። መቼ እንደሚደርስላት ጠየቀች። ሠዓሊው ቀኑን ነገራት።

ይህን ታሪክ የምጽፈው ሰው ለማስፈራራት አይደለም። በእጃችሁ ሥራ የምታድሩ ሁሉ፣ የምትሥሉ፣ የምትጽፉ፣ የምትዘፍኑ፣ የምትሰፉ፣ ዋጋችሁን ሥራው ሳይጀመር ተናገሩ። ማለቂያውንም አብራችሁ ተነጋገሩ። ይሉኝታ ደንበኛውን ያከበራችሁት ያስመስላችኋል እንጂ በር ላይ አቁሞ ያስቀረዋል። የሠዓሊው ክፍል ዛሬ በሩ ላይ ትንሽ ሰሌዳ አለው፤ የፊት ዋጋ ይህን ያህል፣ እርማት ሁለት ጊዜ፣ የቸገረው ከፋፍሎ ይከፍላል ይላል። ግድግዳው ከሞላ ጎደል ባዶ ሆኗል፤ ፊቶቹ ወደየቤታቸው ሄደዋል። የቀሩትም ወደ ክፍሉ ዞረዋል። ሥራቸውን ጥለው ከነበሩት ወጣቶች አንዱ ተመልሶ አጠገቡ ክፍል ተከራይቷል፤ ዋጋ ሲናገር ማንም ማን ሆነህ ነው አይለውም። የሠዓሊው ኪራይ አይዘገይም። ጆሮው ውስጥ ይሰማው የነበረው ውሃም ቀርቷል ይላል፤ እኔም ለማመን ወስኛለሁ።

ሴትየዋ በቀጠሮዋ ቀን ስትመጣ እኔም የተጠገነ መነጽሬን አድርጌ እዚያው ነበርኩ። በመነጽር ሲታይ ሠዓሊው ማንንም አይመስልም፤ ራሱን ነው። ሸራው ላይ ጎልማሳው የለም። ዓይኑ ከነበረበት ሳይነቃነቅ፣ ዙሪያውን ጥርሱ የወለቀ፣ ጉንጩ የሞላ ልጅ ተመልሷል። ሴትየዋ ብዙ አላየችውም፤ ራሷን ነቀነቀች። ቀሪውን ከፈለች። ኮቱ አሁንም ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ ነበር፤ "ይሄ የማን ነው?" ብላ ጠየቀች፤ ሠዓሊው "ባለቤት የለውም፤ ለሚበርደው ይስጡልኝ" አላት፤ ይዛው ልትሄድ በክንዷ አደረገችው።

ሥዕሉን በጨርቅ ጠቅልለን እስከ በሩ ሸኘናት። እዚያ ቆመችና ወደ ሠዓሊው ዞረች፤ ያን ሁሉ ዓመት የምታውቀውን ፊት አዲስ ሰው እንደምታይ አድርጋ አየችው።

"እጅዎ ይባረክ" አለችው። "ለመሆኑ ልጆች አሉዎት?"

ሠዓሊው በሩን ያዘላት።

"የእህቴ ልጅ አለችኝ" አለ።